የባሕር ኤሊ ጠበቃ

ጠበቃ ለማን ይቆማል? መሬቱን ለተቀማ፣ ደመወዙን ለተከለከለ፣ በሐሰት ለተከሰሰ ሰው ነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ነገር ግን አፍ ለሌለው እንስሳም የሚቆም ጠበቃ አለ። ዛሬ የምናነበው ስለዚህ ዓይነቱ ጠበቃ ሥራ ነው። እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኤሊዋ ለምን ትሞታለች?

ኤሊን ታውቋታላችሁ። በባሕር ውስጥ የምትኖርም ኤሊ አለች። እግሮቿ ለመቅዘፊያ የሚሆኑ ሰፋፊ ናቸው። ውሃ ውስጥ ትኑር እንጂ እንደ ዓሣ አትተነፍስም። እንደ በግና እንደ ላም ሳንባ አላት። ስለዚህ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ብቅ ማለት አለባት። እንቁላሏን የምትጥለው በባሕር ዳር አሸዋ ቆፍራ ነው።

በባሕር ውስጥ ደግሞ ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ ፍጡር አለ። በብዙ አገር ሰው ይበላዋል፤ ገበያውም ጥሩ ነው። አጥማጆች ትልቅ መረብ በሞተር ጀልባ እየጎተቱ ይይዙታል። መረቡ ግን ሽሪምፑን ከኤሊዋ አይለይም። ኤሊዋ ትገባና መውጫ ታጣለች። አየር ሲያጥራት ታፍና ትሞታለች።

በሜክሲኮ አገር ራንቾ ኑዌቮ የሚባል የባሕር ዳር አለ። በ1947 እዚያ ፊልም ተነሣ። በአንድ ቀን ብቻ 40 ሺህ ያህል ኤሊዎች እንቁላል ሊጥሉ እንደ ወጡ ከፊልሙ ተገመተ። እነዚህ ኬምፕስ ሪድሊ የሚባሉት ዓይነት ናቸው። በ1985 ግን በዓመቱ በሙሉ የተቆጠረው ጎጆ 702 ብቻ ሆነ። እንቁላሉን ሰው ለቀመው፤ እናቶቹን መረቡ ጨረሳቸው።

የአጥማጁ ብልሃት

ብልሃቱ የመጣው ከራሱ ከአጥማጁ ነው። ሲንኪ ቡን የሚባል የአሜሪካ ሽሪምፕ አጥማጅ ነበር። መረቡን እየሞላ የሚያስቸግረው ዝልግልግ የባሕር ፍጡር ነበር። በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ በመረቡ ውስጥ የብረት ፍርግርግ አስገባ። ነገሩ ወንፊትን ይመስላል። ትንሹ ሽሪምፕ በፍርግርጉ መሐል ያልፋል። ትልቁ ነገር ተገፍቶ በቀዳዳ ይወጣል። ይኸው ብልሃት በኋላ ለኤሊ ዋለ። በደንብ የተሠራ ፍርግርግ ከ100 ኤሊዎች እስከ 97 ያህሉን ያድናል።

የአሜሪካ መንግሥት በ1987 ፍርግርጉን ግዴታ አደረገው። ብዙ አጥማጆች ግን ተቆጡ። ሽሪምፑም አብሮ ያመልጠናል፣ እንጀራችን ይዘጋል አሉ። በሐምሌ 1989 በቴክሳስ ጀልባቸውን ደርድረው የወደብ መግቢያ ዘጉ።

በዚያው ዓመት ሌላ ሕግ ወጣ። ኤሊ በሚገድል መረብ የተያዘ ሽሪምፕ ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ከለከለ።

ጠበቆቹ ምን አደረጉ?

ሕግ ወጣ ማለት ሕግ ተፈጸመ ማለት አይደለም። የመንግሥት ሹሞች ሕጉ የሚመለከተው የካሪቢያንን ባሕርና አካባቢውን ብቻ ነው አሉ። ስለዚህ በሌላው ባሕር ያለው ኤሊ ጠያቂ አጣ።

ኧርዝ አይላንድ ኢንስቲትዩት የተባለ ድርጅት ጠበቆች ወረቀቱን ዘርግተው ቃል በቃል አነበቡ። ለዚህ ባሕር ብቻ ነው የሚል ቃል አላገኙም። ታዲያ መንግሥትን ከሰሱት። በኒውዮርክ የተቀመጠው ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1995 ፈረደላቸው። ሕጉ ለአገሩ ሁሉ ነው፣ ከ4 ወር በኋላ ይፈጸም አለ።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ችግር መጣ። ለካሪቢያን አገሮች 3 ዓመት የመዘጋጃ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። ለእስያ አገሮች 4 ወር ብቻ! ሕንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት አሉ። የእነሱም አጥማጅ ልጆች አሉት።

ድርጅቱ በ1998 የመጨረሻ ውሳኔ ሰጠ። ኤሊን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ አንዱን አገር ከሌላው ማበላለጥ ግን ተገቢ አይደለም አለ። አሜሪካ አሠራሯን አሻሻለች። ሌላው አገር ኤሊን የሚያድን የራሱ ዘዴ ካለው ተቀበለች። ማሌዥያ እንደገና ብትከራከርም በ2001 ተረታች።

ዛሬስ?

ሜክሲኮ የባሕር ዳሩን አስጠበቀች፤ ፍርግርጉም ሥራውን ሠራ። በ2017 በሜክሲኮ ከ20 ሺህ በላይ ጎጆ ተቆጠረ። ቢሆንም ኬምፕስ ሪድሊ አሁንም የመጥፋት አደጋ አለባት።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የተጻፈውም ቢሆን አንባቢ ይፈልጋል። እነዚያ ጠበቆች መሣሪያ አልያዙም። የያዙት የተጻፈ ሕግ ነው፤ አንብበው የሌለውን ቃል የለም አሉ። እናንተም የማኅበር ደንብ ወይም የግብር ደረሰኝ ሲሰጣችሁ ሌላው እንዲህ ይላል ስላላችሁ ብቻ አትቀበሉ። ራሳችሁ አንብቡት።

ተወያዩ

1. የባሕር ኤሊ በመረብ ውስጥ ለምን ትሞታለች?
2. አጥማጆቹ የተቆጡት ለምን ነበር? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?
3. በአካባቢያችሁ ድሮ ይታይ የነበረ፣ አሁን ግን የጠፋ የዱር እንስሳ አለ? ምን አጠፋው?