አዲሱ ተጭኖ አሮጌው ሲሠራ

አንድን ሰርቨር በሶፍትዌር ከፋፍለን ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ስናሠራበት፣ ለእያንዳንዱ ማሽን የአይፒ አድራሻ የሚያድል አካል ያስፈልገናል። በሊኑክስ ላይ ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሊብቨርት የተባለው ሶፍትዌር ይህን ተግባር ራሱ አይሠራውም፤ ዲኤንኤስማስክ ለተሰኘ አነስተኛ ረዳት ፕሮግራም ያስረክበዋል። ረዳቱ በተለመደው አወቃቀር በ192.168.122.1 ላይ ሆኖ እስከ 192.168.122.254 ያሉትን አድራሻዎች ያከፋፍላል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 የጉግል የደኅንነት ባለሙያዎች በዚህ ረዳት ላይ ሰባት ጉድለቶች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሦስቱ አጥቂ ከሩቅ ሆኖ የራሱን ትእዛዝ እንዲያስፈጽም በር ሊከፍቱ የሚችሉ ነበሩ። ማረሚያው በእትም 2.78 ወጣ። የሰርቨሩ ኃላፊ አዲሱን እትም ይጭናል፣ ሊብቨርትን አጥፍቶ ያስነሣል፣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አላለቀም።

ጭነት በዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ይተካል እንጂ ቀድሞ ወደ ማኅደረ ትውስታ ገብቶ የሚሠራውን ቅጂ አይነካም። ሊብቨርት ደግሞ እርሱ ሲቆም ማሽኖቹም ረዳቶቹም ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ሆኖ የተሠራ ነው። ዳግም ሲነሣ ረዳቱን በሥራ ላይ ካገኘው መረጃውን እንደገና እንዲያነብ ምልክት ይልክለታል እንጂ አያስቆመውም። በሌላ ጊዜ የምናመሰግነው ይህ ጥንቃቄ፣ እዚህ ላይ ጉድለት ያለበትን ቅጂ ሰርቨሩ እስኪጠፋ ድረስ ያቆየዋል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ኔትወርኩን ሙሉ በሙሉ አፍርሰው እንደገና ያስነሡታል። ረዳቱ በእርግጥ ይታደሳል፤ ነገር ግን ማሽኖቹ የተገናኙበት ድልድይ አብሮ ስለሚፈርስ፣ በሥራ ላይ ያሉት ሁሉ ገመዱ እንደተነቀለ ኮምፒውተር ይሆናሉ። ኔትወርኩን ማስነሣት ብቻውን መልሶ ያገናኛቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ተማሪዎች ፈተና የሚፈተኑበት ሰርቨር ቢሆን ጉዳቱን መገመት አያዳግትም።

እኛ የምንመርጠው መንገድ ድልድዩን አይነካም። ሊብቨርት የእያንዳንዱን ረዳት መለያ ቁጥር በፋይል ይመዘግባል፤ በዚያ ቁጥር ረዳቱን ብቻ አስቁመን ሊብቨርትን እናስነሣለን። በአዳዲሶቹ እትሞች ክፍሎቹ ስለተለያዩ የሚነሣው የኔትወርኩ ክፍል ነው። ረዳቱን ሲያጣው ከዲስክ ላይ አዲሱን ያስነሣል። ቀድሞ የታደሉት አድራሻዎች ተመዝግበው ስለሚቆዩ ማሽኖቹ የሚያጡት ለጥቂት ሰከንድ የስም ጥያቄ መልስ ብቻ ነው። ረዳቱን በስሙ ፈልጎ ማስቆም ግን አይመከርም፤ በሌላ ሶፍትዌር ሥር የሚሠራ ሌላ ዲኤንኤስማስክ አብሮ ሊቆም ይችላል።

መታደሱን ለማረጋገጥ የረዳቱን መነሻ ሰዓት ከጭነቱ ሰዓት ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ከጭነቱ በፊት የተነሣ ከሆነ አሮጌው ነው።