ሰበር የማይመዝነው ምስክር

የድንበር ክርክር ከቡሬ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ የወረዳው ፍርድ ከጸና፣ መደበኛው ይግባኝ እዚያው ያበቃል። ባለጉዳዩ ግን «ገና ባሕር ዳር አለ፣ ገና አዲስ አበባ አለ» ብሎ ስንቁን ይቋጥራል። ሰበር ሰሚ ችሎት በእርግጥ አለ፤ ሥራው ግን እሱ የሚያስበው አይደለም።

ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሕጉንም የፍሬ ነገሩንም ስሕተት ያያል። ሰበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ነው።

ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተካሰሱ እንበል። የወረዳው ዳኛ የከሳሹን ምስክሮች ሰምቶ አላመናቸውም። ከሳሹ ሰበር ላይ «ምስክሮቼ እውነቱን ነው የተናገሩት» ቢል አቤቱታው አያልፍም፤ ምስክርን ማመንና አለማመን የማስረጃ ምዘና ነውና። አሁን ነገሩን ጥቂት እንለውጠው። የከሳሹ አቤቱታ «የይዞታ ደብተሩ በተከሳሽ ስም የወጣው በማጭበርበር ነው» የሚል ሆኖ ሳለ፣ ፍርድ ቤቱ «ደብተሩ በማን ስም ነው?» የሚል ጭብጥ ብቻ ይዞ ፈረደ። ይህ የሕግ ስሕተት ነው። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተገቢውን ጭብጥ አለመያዝን፣ ሕግን አዛብቶ መተርጎምንና ያለ ሥልጣን መወሰንን ከመሠረታዊ የሕግ ስሕተቶች ይቆጥራል። መሬቱም ተከራካሪዎቹም ያው ናቸው፤ የአቤቱታው ዕድል ግን ፈጽሞ ተለየ።

ለፌዴራል ሰበር አቤቱታ የሚቀርበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሦስት ዳኞች «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ይላሉ፤ ካለፈ ቢያንስ አምስት ዳኞች ይወስናሉ። የሚሰጡት የሕግ ትርጉም ከ1997 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። በክልል ሕግ የታየ ጉዳይ ግን አሁን አዲስ አበባ የሚደርሰው የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ሲኖረው ስለሆነ፣ ለብዙ ገበሬ የመጨረሻው በር ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ሰበር ነው።

እንግሊዝ አገር ጥገኝነት የተከለከለ ወገናችንም የሚገጥመው ይኸው ነው። የመጀመሪያው ትሪቡናል ታሪኩን ሰምቶ ካላመነው፣ ላይኛው ትሪቡናል የሚጠይቀው የሕግ ስሕተት አለ ወይ ብሎ ነው። «ዳኛው አላመነኝም» ብቻውን አይበቃም። ዳኛው ወሳኝ ማስረጃ አልፎ ከሄደ፣ ወይም ያላመነበትን በቂ ምክንያት ካልጻፈ ግን መንገድ ይከፈታል። ወደ ላይኛው ትሪቡናል ይግባኝ ለማለት ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜም እዚያው አገር ላለ ሰው 14 ቀን ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የአቤቱታው አጻጻፍ ነው። ጠበቃ መቅጠር ያልቻለ ሰው ለማመልከቻ ጸሐፊ ነገሩን ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ያስጽፋል፤ ያልተያዘው ጭብጥ ወይም ሳይሰማ የታለፈው ምስክር በመጨረሻው ገጽ በአንድ መስመር ይጠቀሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠቀስም። በወረዳው ችሎት ተነሥቶ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ተቃውሞ ደግሞ በኋላ ቢነሣ ሰሚ ማግኘቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ባለሙያዎች ከሁሉ በፊት መገኘት ያለባቸው እንደ ቡሬና ጃቢ ጠህናን ባሉ ወረዳ ፍርድ ቤቶች፣ ጭብጥ በሚያዝበት ቀን ነው።