«ደህና ነኝ» ያለኝ አብሮ አደጌ

ማታ እንግዶቼ ወደ ድንኳናቸው ከመግባታቸው በፊት ሦስት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። እራት ምን ያህል በሉ? ከቀትር ወዲህ ስንት ጊዜ ሸኑ? ራስዎን ያመመዎት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? ሦስተኛውን «ያምዎታል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። ሕመሙ እንዳለ አድርጌ ነው የምጠይቀው። የሌለበት ሰው «ኧረ እኔን አላመመኝም» ይለኛል፤ ያለበት ግን ለመደበቅ ፋታ አያገኝም። በስሜን ተራሮች አስጎብኚነት ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እንዲህ አድርጎ መጠየቅን የተማርኩት ግን ከሥልጠና አይደለም። ከአብሮ አደጌ ጋር ጊጭ ላይ ጀምሬ ጅንባር ወንዝ ዳር ካነጋሁት አንድ ሌሊት ነው።

ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ነው፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ጓደኛዬ ዱባይ መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ለእረፍት መጣ። ደባርቅ ላይ በግ አብረን የጠበቅን፣ አንድ ወንበር ላይ የተማርን ነን። በመጣ በሁለተኛው ቀን ቤቴ ቁጭ ብለን «አንተ ለፈረንጅ ስታሳይ የኖርከውን አገር እኔ እኮ አላየሁትም» አለኝ። እውነቱን ነው። ደባርቅ ያደገ ሁሉ እመት ጎጎ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት አይደለም። ፓርኩ ለአብዛኞቻችን እንጀራ የሚገኝበት ወይም ከብት እንዳይገባበት የተከለከለ ቦታ እንጂ፣ ለመዝናናት የሚኬድበት ሆኖ አያውቅም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። የእረፍት ቀኑ ጥቂት፣ የሚጠይቀው ዘመድ ብዙ ነበርና ለተራራው የተረፈችው አንዲት ሌሊት ናት። «በቅሎ አንፈልግም፣ ዕቃችንን ራሳችን እንሸከማለን» አለ። ተስማማን። ያለ ስካውት መግባት ግን አይፈቀድም፤ ደባርቅ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዘገብን፤ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው የሠራሁ አንድ ጋሼ ክላሻቸውን አንግተው ተከተሉን።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው የተጀመረው፤ የእኔ ስህተት ነው። እንግዳ ስመራ የመጀመሪያውን ሌሊት 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሳንቃበር አሳድራለሁ። ጊጭ፣ 3,600 ሜትሩ፣ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የመኝታው ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይመከራል፤ ይህን በየጊዜው ለሚመጡት ወጣት አስጎብኚዎች የማስተምረው እኔው ነኝ። ጓደኛዬን ግን ጠዋት ከደባርቅ በመኪና ሳንቃበር አድርሼ፣ እዚያው ቦርሳችንን ተሸክመን፣ በዚያው ቀን ጊጭ አስገባሁት። ከአራት ቀን በፊት ባሕር ጠረፍ ላይ የነበረ ሰው ነው። እንግዳ ቢሆን አላደርገውም ነበር። «የደባርቅ ልጅ ነው» ብዬ አደረግሁት።

በደጋ ልጅነታችን የምንኮራ ሰዎች ነን፤ የምንኮራበት ምክንያትም አለን። እ.ኤ.አ. በ2002 እነ ሲንቲያ ቢል ያሳተሙት ጥናት በእኛው አገር 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሯል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን ይወፍራል፤ የቲቤቶቹ ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የእኛዎቹ ሁለቱም ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። እኛ አስጎብኚዎች ይህን ወሬ ለእንግዳ ስንነግር ደረታችን ይነፋል። የተመረመሩት ሰዎች ግን እዚያው የሚያድሩ፣ እዚያው የሚያርሱ ናቸው። ሰውነት ከፍታን እንደሚለምድ ሁሉ፣ ቆላ ወርዶ ሲከርም የለመደውን ይተወዋል። ዘጠኝ ዓመት ደግሞ ብዙ ነው።

መንገዱ ላይ ጓደኛዬ ደስታው ልክ አልነበረውም። የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ ሆኖ ሲያይ ቦርሳውን ሳያወርድ ብዙ ቆመ። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ በአጠገባችን ሲያልፉ እንደ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ተመለከታቸው። እኔ ግን የእሱን ደስታ እያየሁ እሱን አላየሁትም። እንግዳ ስመራ ዓይኔ እግር ላይ ነው፤ አረማመዱ አጠረ ወይ፣ ወሬው ቀነሰ ወይ፣ ውሃውን ጎነጨ ወይ። በዚያ ቀን ግን የልጅነታችንን ስናወጋ ነበር። ወሬውን በአብዛኛው ያወራሁት እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ነው። በሶ በጥብጬ ሰጠሁት። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቀመሰና «ቆይቼ እጠጣዋለሁ» አለኝ። አልተጠራጠርኩም። በዐቢይ ጾም «አልበላሁም» የሚል ሰው ማንንም አያስደነግጥም፤ እንዲያውም «በርታ» ነው የሚባለው። የከፍታ ሕመም የመጀመሪያ ምልክቶች ደግሞ ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ናቸው። ራስ ምታቱን እሱ ደበቀው፤ የምግቡን ነገር ጾሙ ሸፈነው።

ጊጭ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ከጓሳው መሐል የቆመው ጅብራ ሁሉ ጥላውን አስረዝሟል፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ምሽት ካምፑ ላይ ከእኛ ሌላ ቡድን አልነበረም። ድሮ ቢሆን ከታች ከመንደሩ ጭስ ይታያል፣ ውሻ ሲጮኽ ይሰማል። የጊጭ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ከነበረበት የዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጣ፤ ሣሩም አገግሟል። የሰዎቹን ናፍቆት ግን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ጎረቤቶቼ ናቸው። እኔም ለሥራዬ ያጣሁት ነገር አለ። በፊት እንግዳ በሌሊት ሲታመምብኝ መንደር ወርጄ በር አንኳኩቼ በቅሎ እለምን ነበር፤ እምቢ ያለኝ ቤት አላስታውስም።

ድንኳኑን ተክለን ሳንጨርስ ጓደኛዬ «ደክሞኛል» ብሎ ገባ። ከደጅ ሆኜ «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። በእኛ ዘንድ «ደህና ነህ?» ሰላምታ ነው፤ የሰላምታ መልስ ደግሞ አንድ ነው። ትናንት ልጁን የቀበረ ሰው እንኳ አስቀድሞ «ተመስገን» ይላል፣ ኀዘኑን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የወላጆቻችን ወግ ነው፤ እንዲቀር አልፈልግም። ግን ጊጭ ላይ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነውና፣ እዚያ ከፍታ ላይ ወጉ ብቻውን አይበቃም። ፈረንጅ ስጠይቀው የሆዱን፣ የተረከዙን፣ የእንቅልፉን ነገር አንድ በአንድ ይዘረዝርልኛል፤ የምጠይቀው ልረዳው የሚያስችለኝን መረጃ ፍለጋ እንደሆነ ያውቃል። የእኛ ሰው አስጎብኚውን ላለማስቸገር፣ ጓደኞቹን ላለማስቀረት፣ «ደካማ» ላለመባል ይታገሣል። አሁን ከአዲስ አበባም ከጎንደርም በአውቶቡስ እየመጡ በአንድ ቀን በቀጥታ ጨነቅ ካምፕ ድረስ የሚወጡ ወጣቶች አሉ። አገራቸውን ሊያዩ በመምጣታቸው ከልቤ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በላይ የምፈራላቸውም ለእነሱ ነው።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሲያስመልሰው ሰማሁ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ከድንኳኑ ጀርባ ተንበርክኳል። ከኪሱ የወደቀ የፓናዶል ልጣጭ ሣሩ ላይ አየሁ፤ አራቱ ፍሬ ተወስዷል። «መቼ ነው የዋጥከው?» ብለው «ምንም አይደል፣ ደህና ነኝ» አለኝ። ለእንግዶች የምይዘው የመድኃኒት ሣጥን ቤቴ ነው ያለው። ከጓደኛዬ ጋር ነው የምሄደው ብዬ ትቼው ነው የመጣሁት።

አንድ መፈተኛ አለ፤ ምንም ዕቃ አይፈልግም። የድንኳኑን ገመድ ፈታሁና ሜዳው ላይ ቀጥ አድርጌ ዘረጋሁት። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ጋር እያገጣጠመ በገመዱ ላይ እንዲሄድ ነገርኩት። ባትሪዬን እግሩ ላይ አበራሁ። ካልሲ ብቻ አድርጓል፣ ሣሩ ውርጭ ይዟል። እስከ ጫፍ ደረሰ። ሞቅ ያለ ውሃ በትንሽ በትንሹ እያጠጣሁ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ቆየሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ገመዱ ላይ መልሼ አቆምኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ቀኝ እግሩ ከገመዱ አንድ ጫማ ያህል ርቆ አረፈ፤ ራሱም አልታወቀውም። ቀጥ ብዬ የሄድኩ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ።

ይህ ከሆነ በኋላ ንጋት አይጠበቅም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብቻ ሲሆን ወደ ላይ ሳይወጡ አርፎ ማየት ይቻላል። ሚዛን ሲጠፋ ግን አንጎል ውሃ እየቋጠረ ነው ማለት ነው፤ መዳኛው መውረድ ነው፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን። መድኃኒት እንኳ ቢኖር መውረድን አይተካም። ጋሼን ቀሰቀስኳቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በኮንጎ ጫማቸው፣ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ተነሡ። ድንኳኑንም ዕቃውንም እዚያው ትተን፣ ጨረቃዋ ባትኖር ኖሮ በማልደፍረው መንገድ፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከጎን ሆነን ክንዱን ይዘን ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጠብን። ሁለቴም ጋሼ በብብቱ ገብተው አነሡት።

«ከወንዙ ጀምሮ ውሃ ሽንት ሲወጣ አላየሁትም፤ ዳቦ ቆሎም ስሰጠው ተቀብሎ ኪሱ ነው የከተተው» አሉኝ በጨለማው ውስጥ።

«ታዲያ ምነው ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጓደኛህ አይደል? አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነዋ።»

መልስ አልነበረኝም። ከእንግዳ ጋር ብሆን ማታ ማታ ጠርተው «ያቺ ሴትዮ አልበላችም፣ ያ ሽማግሌ ያነክሳል» ይሉኛል። ጓደኝነታችንን አክብረው ዝም አሉ። እኔም ጓደኝነታችንን ተማምኜ አልጠየቅሁም። እሱም ስለ ጓደኝነታችን ሲል፣ የሰጠኋትን አንዲት ሌሊት ላለማበላሸት፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተኛ። ሦስታችንም ለእሱ ስናስብ ልናጣው ነበር።

ጅንባር ስንደርስ ሰማዩ ግራጫ ሆኗል። ከወንዙ በላይ ነፋስ የማይነካት አንዲት ጥግ ላይ በጋሼ ጋቢ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ከወረድን ወዲህ አላስመለሰውም። ገመድ ስላልነበረኝ በዱላ አሸዋው ላይ መስመር ሰነጠቅሁና አስነሣሁት፤ እየቀፈፈው ሄደ፣ አንዴም አልሳተም። ፀሐይዋ መጀመሪያ የገደሉን አናት ነካች። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያደሩት ጭላዳዎች አንድ በአንድ ጫፉ ላይ መታየት ጀመሩ። ሊያየው የመጣው እመት ጎጎ ከኋላችን ቀርቷል፤ ስለ እሱ ማናችንም አላነሣንም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ራስህን ያመመህ» አልኩት፣ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»

ወንዙን እያየ ቆየ። «ከሳንቃበር» አለኝ። «ከመኪናው ስንወርድ ጀምሮ።»

ጋሼ ከኮሮጆአቸው በሶ አውጥተው በጠበጡ። ጓደኛዬ ገና ማለዳ መሆኑን አስታውሶ ሲያመነታ «የታመመ ጾም የለበትም፣ ጠጣ» አሉት። ሁለት ኩባያ ጠጣ፤ ቆጠርኩ።