ገቢና ወጪ ደብዳቤ፦ ኢ-ሜይላችንን ኮምፒዩተራችን ላይ ስለማስገባት

ብዙዎቻችን ኢ-ሜይል የምንከፍተው በብራውዘር ነው። ኔትወርክ ሲኖር ምንም አይልም። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን አዲሱ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ትናንት ያነበብነውም አብሮ ይጠፋል፤ አማካሪያችን ሰኞ የጻፉልንን አስተያየት ማክሰኞ ቁጭ ብለን ልናርም ስንል ገጹ አልከፈት ይላል። የኢ-ሜይል ፕሮግራም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤውን አንዴ አውርዶ ካስቀመጠልን መስመር ኖረም አልኖረም እናነበዋለን፣ መልሱንም እንጽፋለን። የጻፍነው ቆይቶ መስመር ሲመጣ ይላካል።

እዚህ የማስረዳው ተንደርበርድ በተባለው ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ወጣ። በነፃ ይገኛል፣ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ሌላ ፕሮግራም ለለመደ ሰውም የሚቀርበው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ የሚለየው የቁልፎቹ ቦታ ነው።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት ስም፣ የኢ-ሜይል አድራሻና ፓስወርድ ይጠይቃል። በስም ቦታ የምትጽፉት ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው የሚያየውን ስለሆነ ሙሉ ስማችሁን ከነአባታችሁ ጻፉ። (በአንድ ሳምንት ከሦስት የተለያዩ «ቤቢ»ዎች የቤት ሥራ መቀበል ምን እንደሚመስል መምህራኖቻችንን ጠይቁ።) ቀጥሎ ፕሮግራሙ ከአድራሻው የመጨረሻ ክፍል ተነስቶ ሰርቨሮቹን ራሱ ይፈልጋል። እንደ ጂሜይል ያሉ የታወቁትን ወዲያው ያገኛቸዋል። የኮሌጅ ኢ-ሜይል ከሆነ ግን ላያገኝ ይችላል። ያኔ ኔትወርኩን ወደሚያስተዳድሩት ሰዎች ሄዶ አራት ነገር መጠየቅ ነው፤ የገቢ ሰርቨሩ ስም፣ የወጪ ሰርቨሩ ስም፣ የሁለቱ ፖርት ቁጥሮች፣ እና መስመሩ በምን ዓይነት ምስጠራ እንደሚጠበቅ። ነገሩ እንደ መዝገብ ቤት ነው። ገቢ ደብዳቤ የሚመዘግበው ክፍል ሌላ፣ ወጪውን የሚልከው ሌላ።

አሁን ብዙ ሰው ሳያነብ ወደሚያልፋት ጥያቄ እንምጣ። ፕሮግራሙ «አይማፕ ወይስ ፖፕ 3?» ይላል። ሁለቱም ገቢ ደብዳቤ ለመቀበል የወጡ ስምምነቶች ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ደብዳቤው በመጨረሻ የት ነው የሚቀመጠው የሚለው ላይ ነው።

ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣ ነው። የታሰበው አንድ ኮምፒዩተር ላለው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚገናኝ ሰው ነው። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በቁልፍ ከፍታችሁ ደብዳቤውን ይዛችሁ ወደ ቤት፣ ሳጥኑ ባዶ። አይማፕን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማርክ ክሪስፒን ነው። ይሄኛው ደግሞ ከቤተ መጻሕፍታችን የማይወጣውን መጽሐፍ ይመስላል። ዋናው እዚያው መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፣ እናንተ ፎቶ ኮፒውን ትይዛላችሁ። ላብ ብትከፍቱት፣ በስልክ ብትከፍቱት፣ የሚታየው ያው ሳጥን ነው።

«ታዲያ ፖፕ ላይም ቅጂው ሰርቨር ላይ ይቆይ የሚል ምርጫ አለ እኮ» የሚል አይጠፋም። አለ። ግን ከሥሩ ያለችውን መስመር አንብቡ፤ ተንደርበርድ ላይም አውትሉክ ላይም «ከ14 ቀን በኋላ ይሰረዝ» የሚል አብሮ ይመጣል።

ይህች 14 ቀን ምን እንደምታደርግ ያየሁት በአንድ ተመራቂ ተማሪ ላይ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ታሪኩን እንድጽፈው ግን ፈቅዶልኛል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ ላብ ውስጥ ያለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ኢ-ሜይሉን በፖፕ አስገባ፤ ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ከወር በኋላ ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ገባበትና ፎርማት ተደረገ። ልጁ አልደነገጠም፣ በብራውዘር አገኘዋለሁ ብሎ። ሲከፍተው ያለፉት ሁለት ሳምንታት ደብዳቤ ብቻ ቁጭ ብሏል። ሰብረው የገቡበት መስሎት ነበር ወደኔ የመጣው። ማንም አልገባም፤ ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። የአማካሪው አስተያየት እሳቸው ጋ ተልከው ከተቀመጡት ደብዳቤዎች ውስጥ ተገኘ፣ ድጋሚ ላኩለት። መጠይቁን ሞልተው በኢ-ሜይል የመለሱለትን ሰዎች ግን አንድ በአንድ እንደገና መለመን ነበረበት። ሁሉም አልመለሱም፣ ምዕራፍ አራትም ባነሰ መረጃ ተጻፈ።

ስለዚህ ኮምፒዩተር በጋራ ለምንጠቀም ለእኛ አይማፕን ምረጡ ነው የምለው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አይማፕ ላይ ኮምፒዩተራችሁ ላይ የሰረዛችሁት ሰርቨሩም ላይ ይሰረዛል። ቦታ ላስለቅቅ ብላችሁ አሮጌ ደብዳቤ እንዳትጠርጉ።

የፖርት ቁጥሮቹን በአጭሩ፤ አይማፕ በምስጠራ ሲሆን 993፣ ፖፕ 995 ነው። 143 እና 110 የድሮዎቹ ናቸው፤ ምስጠራ ካልተጨመረባቸው ፓስወርዳችሁ እንዳለ በመስመሩ ላይ ያልፋል፣ በጋራ ኔትወርክ ላይ ደግሞ የሚያነበው አይጠፋም። ለወጪ ደብዳቤ 587 ወይም 465 ይሞላል። 25 የሚለውን ያያችሁ እንደሆነ እሱ ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበት ነው፣ ብዙ ኔትወርኮች ለተጠቃሚ ይዘጉታል። ደብዳቤ እየገባ መላክ ብቻ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይሄ ቁጥር ነው። ቀጥሎም የወጪው ሰርቨር የተጠቃሚ ስም መሞላቱን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ሙሉ አድራሻው ነው የሚጻፈው።

ጂሜይል ላይ «ፓስወርዴ ትክክል ነው፣ ግን አይቀበልም» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከሜይ 2022 ጀምሮ የግል አካውንቶችን በተራ ፓስወርድ ብቻ በሌላ ፕሮግራም ማስገባት አቁሟል። ተንደርበርድ የጉግልን የራሱን መግቢያ መስኮት ይከፍትላችኋል፣ እዚያ ገብታችሁ መፍቀድ ነው። ይህን ለማይችል አሮጌ ፕሮግራም ደግሞ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ካበራችሁ በኋላ 16 ፊደል ያለው የተለየ ፓስወርድ ታወጣላችሁ።

ላብ ኮምፒዩተር ላይ ባታስገቡት ይሻላል። ተንደርበርድ ያስቀመጠውን ፓስወርድ ከቅንብሮቹ ውስጥ ገብቶ ማንም እንዳለ ሊያነበው ይችላል። ዋና ፓስወርድ የሚባል መቆለፊያ ካላበጃችሁለት ማለቴ ነው። የራሳችሁ ላፕቶፕም ቢሆን ጓደኛ የሚዋሰው ከሆነ ቆልፉት።

ኢንተርኔቱ የሞባይል ዳታ ለሆነባችሁ፤ ፕሮግራሙ ዝም ከተባለ ሳጥናችሁን በሙሉ ማውረድ ይጀምራል፣ የብዙ ዓመት ደብዳቤ ካለ ፓኬጁን ይጨርሰዋል። ከአካውንቱ ቅንብር ውስጥ የማመሳሰልና የማከማቻ ገጽ አለ፤ እዚያ «የቅርብ 30 ቀን ብቻ» ማለት ይቻላል፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውንም አታውርድ ማለት ይቻላል። ስትልኩም እንዲሁ ነው። ፋይል ከደብዳቤ ጋር ሲያያዝ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር መጠኑ በሲሶ ያህል ያብጣል፤ 20 ሜጋ ባይት የነበረው ወደ 27 ይደርሳል። ሥዕል የበዛበትን ጽሑፍ ሳትልኩ በፊት ሥዕሎቹን አሳንሱ።

ሁሉም ከተሞላ በኋላ መሞከሪያው ቀላል ነው። ለራሳችሁ አንድ ደብዳቤ ትንሽ ፋይል አያይዛችሁ ላኩ፣ እስኪገባ ጠብቁ፣ ከዚያ ኬብሉን ንቀሉ ወይም ዋይፋዩን አጥፉና ክፈቱት። ርዕሱ ብቻ ታይቶ ውስጡ ባዶ ከሆነ እዚያው የማመሳሰል ገጽ ላይ «ደብዳቤዎቹ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጡ» የሚለው ምልክት አልተደረገበትም ማለት ነው።