የብድር ወረቀት ከመፈረም በፊት

ዓርብ በአርብ ገበያ የሚለዋወጠው እህልና ከብት ብቻ አይደለም፤ ብድርም አለ። በሬ የሞተበት፣ ዘር ያነሰው ሰው ከባለ ገንዘብ ዘንድ ይሄዳል። አበዳሪውም ወረቀት አጽፎ ይመጣና «እንካ፣ አሻራህን አድርግበት» ይላል። ታዲያ የተቀበለው 2000 ብር ሆኖ የተጻፈው 3000 ቢሆንስ? አራጣ የሚደበቀው እንዲህ ነው፤ ወለዱ ከዋናው ጋር ተደምሮ እንደ ዋና ይጻፋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 የሚለውን ስሙ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው የጣት አሻራ፣ ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም።  

ወለድ ካልተዋዋሉ ወለድ የለም። በግለሰቦች መካከል ቢዋዋሉም በዓመት ከመቶ 12 አያልፍም። ለ1000 ብር 120 ብር ማለት ነው። በየወሩ ከመቶ 10 የሚያስከፍል አበዳሪ በዓመት 1200 ብር ይወስዳል፤ ወለዱ ከዋናው በለጠ ማለት ነው! የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አራጣን ያስቀጣል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ሲከፍል ነው። ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፤ መክፈሉም እንደዚሁ። ባለዕዳው በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ያስረክባል፤ ወረቀቱን ሳይቀበል ወደ ቤቱ ይሄዳል። አበዳሪው ሲሞት ልጆቹ ያንኑ ወረቀት ይዘው ይከሳሉ። ሽማግሌዎቹ «ዓይናችን እያየ ከፍሏል» ቢሉም ላይበቃ ይችላል። ገንዘቡን ሲሰጡ ውሉን መቀበል ወይም የተፈረመ ደረሰኝ መያዝ ነው።

ዕዳው እውነት ሆኖ ቢፈረድስ? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቁጥር 404፣ ለዕዳ የማይያዝ ንብረት አለ ይላል። የሥራ መሣሪያ አይያዝም፤ ሞፈርና ቀንበር እዚህ ውስጥ ነው። የሦስት ወር ቀለብም አይነካም። ለኑሮ የሚያስፈልግ ከብትና ዘርም አይያዝም፤ አስፈላጊነቱን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤቱ ነው። እንግዲህ ባለዕዳው ዝም ብሎ በሬውን ከማስነዳት፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርቦ «የማርሰው በዚህ በሬ ነው» ብሎ ለዳኛው ማስረዳት አለበት።