የእርግዝና ስኳርና የአንጀት ባክቴሪያ

«ለሁለት ነው የምትበዪው» እየተባለ ጉርሻ የሚበዛላት ነፍሰ ጡር፣ ስኳሯ ከፍ ያለ ዕለት «ምን በልተሽ ነው?» ትባላለች። ነገሩ ግን በሳህኑ ብቻ አያልቅም።

እርግዝና ሲገፋ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የእናትየዋ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝ ያደርጋሉ። ስኳሩ ለፅንሱ እንዲተርፍ ተፈጥሮ ያበጀችው ዘዴ ነው። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አመንጭቶ ማካካስ ሲያቅተው የእርግዝና ስኳር ይመጣል። ካልታከመ ፅንሱ ከልክ በላይ ሊገዝፍ፣ ምጡም ሊከብድ ይችላል። በጎንደር ከተማ ጤና ተቋማት የተደረገ ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 13 ያህሉ ላይ አግኝቶታል።

አንጀት በጉዳዩ እጁ እንዳለበት ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ተመራማሪዎች የ91 ፊንላንዳውያን ነፍሰ ጡሮችን ሰገራ ሲመረምሩ፣ ባክቴሪያዎቹ ከመጀመሪያዎቹ እስከ መጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እጅግ ተለውጠው አገኙ። ከሰገራው ወስደው ባክቴሪያ ለሌላቸው አይጦች ሰጡ። የመጨረሻዎቹን ወራት ሰገራ የተቀበሉት አይጦች የበለጠ ስብ አከማቹ፤ ኢንሱሊንም በደንብ አልሠራላቸውም። ለውጡ ጤነኞቹ እናቶች ላይም ስለታየ በሽታ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ታዲያ ጠቃሚ ባክቴሪያ በእንክብል ቢሰጥስ? ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፊንላንድ የወጣ ጥናት ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ2019 በአውስትራሊያ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 411 ነፍሰ ጡሮች የተካፈሉበት ሙከራ ግን እንክብሉ በሽታውን እንደማይከላከል አሳየ።

የእኛም እርሾ እንደ መድኃኒት መታየት የለበትም። ሊጡን ያቦካው ባክቴሪያ ምጣዱ ላይ ሲሞቅ ይሞታል። ከጤፉ፣ ከምስሩና ከጎመኑ አንጀት የሚደርሰው አሰሩ ነው፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያንን እየበሉ ለአንጀት ግድግዳ የሚበጁ አሲዶች ያመርታሉ። ስለዚህ እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩንና ጎመኑን ጨመር፣ ለስላሳ መጠጡን ተወት ማድረግ ዛሬም ከእንክብል ይልቅ የሚታመን ምክር ነው።

ምርመራው የሚደረገው በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት መካከል ነው። ስኳሩ የታየባት እናት ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ውስጥ ዳግም መመርመር አለባት፤ ወደፊት በቋሚ ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ያለ ነውና። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ገንፎው ሲበላ ይህ ቀጠሮ ይረሳል። አራሷን የሚጠይቅ ሰው ቀጠሮውን ቢያስታውሳት ትልቅ ውለታ ነው።