የስልክ ሜሞሪ ሲሞላ በቅድሚያ ሊጠፋ የሚገባውና የማይገባው

በጣና ሐይቅ ካሉት ደሴቶች በስፋቱ ቀዳሚ በሆነው በደቅ የሚገኘው የናርጋ ሥላሴ ገዳም፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ የታነጸና በግድግዳ ሥዕሎቹ የሚታወቅ ነው። ከባህር ዳር ተነስቶ ሰዓታት የሚፈጀውን የጀልባ ጉዞ የሚያደርግ ምዕመንም ሆነ ጎብኚ በአሁኑ ወቅት ለብቻው ካሜራ የሚይዝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሥዕሉንም ክብረ በዓሉንም የሚያስቀረው በእጅ ስልኩ ነው። ይሁንና ስልኩ በመሀል “በቂ ቦታ የለም” የሚል መልዕክት ያሳየ እንደሆነ ባለቤቱ እዚያው ቆሞ ያገኘውን ሁሉ መሰረዝ ይጀምራል። በዚህ ጥድፊያ ከሚጠፉት መካከል ዳግም ሊገኙ የማይችሉ የቤተሰብ ፎቶግራፎችና የሟች ወላጅ ድምፅ ሳይቀር ይገኙበታል። ችግሩ የቦታ ማነስ ብቻ ሳይሆን የትኛው እንደሚተካና የትኛው እንደማይተካ ሳይለዩ መሰረዝ ጭምር ነው።

ስልክ የሚሞላው በብዙ መንገድ ቢሆንም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቪዲዮ ነው። አንድ ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ሲወስድ፣ በ1080 ጥራት የሚቀረጽ ቪዲዮ ግን በደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋ ባይት ይደርሳል። በዚህ ስሌት የአንድ ሰዓት ቀረጻ ከ4 እስከ 8 ጊጋ ባይት ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። በ4ኬ ጥራት ሲሆን ደግሞ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። 32 ጊጋ ባይት ተብሎ የተሸጠ ስልክም ከዚህ መጠን ላይ ጥቂት የማይባለውን ለራሱ ሥርዓተ ክወና ስለሚጠቀምበት ለባለቤቱ የሚተርፈው ከተጻፈው ያነሰ ነው።

ተጠቃሚው በመጀመሪያ ሊመለከተው የሚገባው ቦታ ጋላሪውን ሳይሆን ቴሌግራምን ነው። በሀገራችን ዜናው፣ መዝሙሩ፣ የትምህርት መጽሐፉና ፊልሙ በአብዛኛው የሚተላለፈው በዚሁ መተግበሪያ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የተከፈተ ፋይል ሁሉ ቅጂው በስልኩ ውስጥ ይቀራል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ “ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ”፣ ቀጥሎም “ስቶሬጅ ዩሴጅ” በሚለው ሲገባ የተከማቸው መጠን ይታያል፤ ጊጋ ባይቶችን ይዞ መገኘቱም የተለመደ ነው። እዚያው “ክሊር ካሽ” የሚለው ሲነካ በስልኩ ያለው ቅጂ ይጠፋል እንጂ መልዕክቱና ፋይሉ በድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚቆዩ መልሶ ማውረድ ይቻላል። ሆኖም በምስጢራዊ የውይይት መስመር የተላኩትን ይህ አይመለከትም፤ የቻናሉ ባለቤት ያጠፋውም ፋይል ተመልሶ አይገኝም። መልሶ ማውረድ ሌላ የዳታ ወጪ እንደሚያስከትልም መዘንጋት የለበትም። ኔትወርክ ደካማ ወደሆነበት ቦታ የሚሄድ ሰው በመንገድ የሚያዳምጠውን ለይቶ ማስቀረት ይኖርበታል። “ኪፕ ሚዲያ” የሚለውን ወደ አንድ ሳምንት ወይም አንድ ወር ማስተካከል ደግሞ ማጽዳቱ በራሱ እንዲከናወን ያደርጋል።

ዋትስአፕ የሚሠራው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። የደረሰው ፎቶግራፍ የሚቀመጠው በተቀባዩ ስልክ ላይ በመሆኑ፣ አስቀድሞ ሌላ ቅጂ ካልተያዘለት በስተቀር አንዴ ከተሰረዘ ከላኪው እንደገና ከመለመን ውጪ አማራጭ የለም። በውጭ ሀገር ካሉ ዘመዶች የሚመጡ ምስሎች በብዛት የሚገኙት በዚሁ ስለሆነ ጥንቃቄ ያሻል። “ማኔጅ ስቶሬጅ” በሚለው ክፍል ከ5 ሜጋ ባይት በላይ የሆኑትና ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው የተላለፉት ተለይተው ስለሚቀርቡ፣ ከእነዚህ መጀመር ጉዳቱን ይቀንሳል። በየበዓሉ የሚጎርፈውን የመልካም ምኞት ቪዲዮ ማንም ቢሰርዘው የሚጎዳ አይመስልም።

በአንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ በእያንዳንዱ መተግበሪያ ስር “ክሊር ካሽ” እና “ክሊር ዳታ” የሚሉ ሁለት ትዕዛዞች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የመጀመሪያው ጊዜያዊ ክምችትን ብቻ ያጠፋል። ሁለተኛው ግን መተግበሪያውን አሁን እንደተጫነ ያህል ባዶ ያደርገዋል፤ በባንክ ወይም በቴሌብር መተግበሪያ ላይ ቢፈጸም ተጠቃሚው እንደ አዲስ መግባትና ማንነቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። በነገራችን ላይ ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው ቴሌብር *127# በመደወልም ስለሚሠራ፣ ስልኩ ሞልቶ መተግበሪያው እምቢ ቢል እንኳ ለጀልባም ሆነ ለሌላ ክፍያ ብሩን ለመላክ መንገድ አለ።

የራስ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሊሰረዝ የሚገባው ወደ ሌላ ስፍራ ከተገለበጠ በኋላ ብቻ ነው። ለዚህም ሜሞሪ ካርድ፣ ከስልክ ጋር የሚገጠም ፍላሽ ዲስክ ወይም የጓደኛ ኮምፒውተር ሊያገለግል ይችላል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ፣ የተገለበጠውን በእርግጥ ከፍቶ ማየት፣ ከዚያም መሰረዝ ነው፤ መካከለኛውን ደረጃ መዝለል የብዙዎችን ሀብት አሳጥቷል። በገበያ ላይ በላያቸው 128 ጊጋ ባይት ተጽፎባቸው እውነተኛ መጠናቸው ግን እጅግ ያነሰ አስመስለው የተሠሩ ካርዶች አሉ። እነዚህ ከሞሉ በኋላም የሚቀበሉ መስለው ስለሚቀጥሉ ጉዳቱ የሚታወቀው ፋይሉ አልከፈት ሲል ነው። አዲስ ካርድ ሲገባ ስልኩ “ፎርማት” ልበል ብሎ ቢጠይቅ፣ በካርዱ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አውቆ መመለስ ይገባል።

በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ሌላው አማራጭ ነው። ጎግል ለአንድ አድራሻ 15 ጊጋ ባይት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም ወዲህ የሚጫኑ ፎቶግራፎች በሙሉ ከዚሁ ላይ ይቆጠራሉ። በጎግል ፎቶስ “ፍሪ አፕ ስፔስ” የሚለው በሰላም የተጫኑትን ከስልኩ ላይ ብቻ ያነሳል። በዚያው መተግበሪያ አንድን ምስል መርጦ በተለመደው መንገድ መሰረዝ ግን ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ያጠፋዋል፤ ይህን ልዩነት ሳያውቁ ሁለቱንም ያጡ ጥቂቶች አይደሉም።

አንዳንዶች ሰርዘው ሲያበቁ ቦታው አልተለቀቀም በማለት ያማርራሉ። ምክንያቱ የተሰረዘው ፎቶግራፍ በብዙ ስልኮች እስከ 30 ቀን በጋላሪው ቅርጫት ውስጥ የሚቆይ መሆኑ ነው። በስህተት የጠፋውን መመለስ የሚቻለው ከዚሁ ስለሆነ፣ ቅርጫቱን ባዶ ከማድረግ በፊት አንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ለጥር 7 ወይም ለሐምሌ 7 የሥላሴ በዓል ወደ ደቅ የሚሻገሩ ሰዎች ይህን ሥራ ከጉዞው በፊት ባህር ዳር ላይ ቢጨርሱትና የካሜራቸውን ጥራት ከ4ኬ ወደ 1080 ዝቅ ቢያደርጉት፣ 5 ወይም 6 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ለአንድ ቀን ቀረጻ ይበቃቸዋል።